ጋጣው ጊዜዬን በላው

ጥያቄ

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። የኔ ጉዳይ ከሌሎች ጠያቂዎች አንጻር ቀልድ ሊመስልዎ ይችላል። እኔን ግን እንቅልፍ ነስቶኛል።

ሁለት ፈረሶች አሉኝ። አንዷ አባቴ ሲሞት የተረከብኳት አሮጊት ባዝራ ናት። ሌላው እሷ ብቻዋን እንዳትሆን ብዬ ያመጣሁት ወጣት ፈረስ ነው። ቀኑን ሙሉ ቢሮ ነው የምውለው። ባለትዳር ነኝ፤ የ12 ዓመት ሴት ልጅም አለችኝ።

ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነስቼ ጋጣ እገባለሁ። ጉዝጓዙን በሙሉ አውጥቼ፣ ወለሉን ጠርጌ፣ እንደገና እጎዘጉዛለሁ። ውሃ ከቧንቧው በባልዲ አመላልሳለሁ። እህላቸውን እሰፍራለሁ፣ ድርቆሹን አቀርባለሁ። ከዚያ ሁለቱንም ከጋማ እስከ ጭራ አበጥራለሁ። ባዝራዋ ሰሞኑን ደግሞ ድርቆሹን አኝካ አኝካ፣ ድቡልቡል አድርጋ መልሳ ትጥለዋለች። እሱንም መልቀም አለብኝ። ከዚያ እየሮጥኩ ቤት ገብቼ ልብስ ቀይሬ ወደ ሥራ። ማታም ያው ነው። ጨርሼ ቤት ስገባ ከምሽቱ 3 ሰዓት ያልፋል። ባለቤቴ ብቻውን በልቶ ተኝቶ አገኘዋለሁ።

እሱ አንድ ሰሞን "ላግዝሽ" ብሎኝ ነበር። ግን እንደኔ አይሠራም። ጥጋጥጉን ይዘላል፣ መንሹንም ያገኘበት ይጥላል። ከሱ በኋላ ገብቼ እንደገና ስሠራው አየና ተወው። ባለፈው እሁድ ደግሞ ልጄ "አብረን እንጋልብ" አለችኝ። "ጋጣውን ልጨርስና" አልኳት። ስጨርስ መሽቶ ነበር። "እማዬ፣ አንቺ እኮ የምትወጂው ፋንድያውን እንጂ ፈረሶቹን አይደለም" አለችኝ። ያኔ ሳቅኩ፤ ማታ ግን አለቀስኩ።

ሥራ የሚያቀሉ ዘዴዎች እንዳሉ አውቃለሁ። ግን ትንሽ ነገር ባሳጠርኩ ቁጥር የአባቴን ባዝራ የበደልኩ ይመስለኛል። እህቴ "አንዱን ሽጪና ተገላገይ" ትለኛለች። ምን ይመክሩኛል? ልሽጥ? ወይስ እነሱን ሳልበድል ጊዜ የማገኝበት መንገድ አለ?

ጊዜ ያጠራት ነኝ

መልስ

እህቴ፣ ልጅሽ ነገር ታውቃለች።

ከሁሉ በላይ ያስጨነቀሽን ላስቀድም። ጊዜ መቆጠብ በደል አይደለም። በደብዳቤሽ ከዘረዘርሽው ሥራ ከፊሉ ፈረሶቹ የሚፈልጉት ነው። ከፊሉ ግን አንቺ የምትፈልጊው ነው። ጋጣው ሲያምር አባትሽ የሚያዩሽ ያህል ይሰማሻል መሰለኝ። ተሳስቼ ከሆነ እለፊው። ልክ ከሆንኩ ግን እስኪ አስታውሺ፤ አባትሽ ራሳቸው ጉዝጓዙን በየቀኑ ሙልጭ አድርገው ያወጡት ነበር?

ፈረስ የሚፈልገው ብዙ አይደለም። ከሁሉ በፊት መብል ነው። መስክ ላይ የተለቀቀ ፈረስ ከ24ቱ ሰዓት እስከ 16ቱን ሲግጥ ይውላል፣ ያድራል። ጨጓራው ከግዙፍ አካሉ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው። አሲዱ ደግሞ በላም አልበላም ያለማቋረጥ ይመነጫል። ስለዚህ ለብዙ ሰዓት የሚያኝከው ሲያጣ ጨጓራው ለቁስለት ይጋለጣል። ቀጥሎ ንጹሕ ውሃ፣ ደረቅ መኝታ፣ ከጋጣ ወጥቶ መንቀሳቀስ እና ጓደኛ ይፈልጋል። የሚያየው ሰውም ያስፈልገዋል። ጭራው በየቀኑ ቢበጠር ባይበጠር ግን ግድ የለውም።

እንግዲህ መቀስ የሚገባው እዚህ ነው። ጊዜሽን ከምንም በላይ የሚበላው ጉዝጓዙ ነው። አንድ ትልቅ ፈረስ በቀን ወደ 20 ኪሎ ገደማ ፋንድያ ይጥላል። ሁለት ሲሆኑ 40 ኪሎ መሆኑ ነው። ይህ ሳያንስሽ ንጹሑንም ጉዝጓዝ አብረሽ እየተሸከምሽ ታወጪያለሽ። ተዪው። በየቀኑ ፋንድያውንና የረጠበውን ብቻ አንሺ። ሙሉ ማጽዳቱ በሳምንት አንዴ፣ በእረፍት ቀንሽ ይሁን።

አሠራሩን ልንገርሽ፤ ደስ የሚል ዘዴ አለው። አስቀድመሽ ፈረሱን ወደ ውጪ አውጪው። እሱ ባለበት የሚጸዳ ጋጣ ሥራው እጥፍ ነው። ከላይ የሚታየውን ፋንድያ በመንሽ ልቀሚ። ከዚያ ደረቁን ጉዝጓዝ በመንሹ እያፈስሽ ወደ ግድግዳው ወርውሪው። ገለባው ወይም ሰጋቱራው ግድግዳው ሥር ይቆለላል። በውስጡ ተደብቆ የቀረው ፋንድያ ግን ክብና ከበድ ያለ ስለሆነ ቁልሉ ላይ አይቆምም። እየተንከባለለ እግርሽ ሥር ይመጣል። እየፈተሽሽ መፈለግ ቀረ ማለት ነው። ጉዝጓዙ ከመሐል ሲነሳ የረጠበው ቦታም ወለሉ ላይ ጎልቶ ይወጣል። እሱን ዝቀሽ ወለሉን እንዲሁ ክፍት ተዪው። ስትመለሺ ደርቆ ታገኚዋለሽ። ማታ ግድግዳው ሥር ያለውን መልሰሽ ትበትኚና ከጎደለ ትንሽ አዲስ ትጨምሪያለሽ።

"ቆሻሻ ትቼ ብሄድስ?" ትዪኝ ይሆናል። ዓይን ያታልላል፤ ይልቅ አፍንጫሽን እመኚ። በርከክ በይና ፈረሱ ሲተኛ አፍንጫው በሚደርስበት ከፍታ ላይ አሽትቺ። ዓይን የሚያቃጥል የሽንት ሽታ ካለ ያ አሞኒያ ነው፤ ለሳንባው ጥሩ አይደለም፤ የረጠበው በደንብ አልተነሳም። ሽታ ከሌለ ግን ጋጣው ንጹሕ ነው፤ ሂጂ ወደ ሥራሽ። (ባለቤትሽ የዘለለውንም ጥግ በዚሁ አፍንጫ ፍረጂው።)

ከዚሁ ጋር ዕቃዎቹን ቦታ ቦታ አስይዢያቸው። መንሹ፣ አካፋው፣ መጥረጊያው ከጋጣው በር አጠገብ፣ ግድግዳ ላይ በተመታ ምስማር ላይ ይንጠልጠሉ። ለእያንዳንዱ ቦታውን በቀለም ጻፊበት። የእጅ ጋሪውን ባዶ እያለ ወደ መውጫው አዙረሽ አቁሚው። የተጫነ ጋሪ በጠባብ ቦታ ማዞር ወገብ ይቆርጣል። ከጋጣ እስከ ፋንድያ መጣያው ያለውንም ርቀት አንዴ ተራመጂው። መጣያው ቢቀርብ የሚቀንስልሽን እርምጃ በዓመት አስቢው። ጎረቤት የሚያስቸግር ወይም ውሃ የሚበክል ቦታ እንዳይሆን ብቻ።

አንድ ተጨማሪ ነገር። ፈረሶቹ አጥር ያለው ግቢ ወይም መስክ ካላቸው ብዙ ሰዓት እዚያ ይዋሉ። ውጪ የወደቀ ፋንድያ ጋጣ ውስጥ አይወድቅም። ከዚያም በላይ ለመገጣጠሚያቸው፣ ለሆዳቸውና ለጠባያቸው ይጠቅማል። የግቢውን ፋንድያ በየቀኑ ልልቀም አትበዪ። በሳምንት ሁለት ጊዜ ብታነሺው የሆድ ትል እንዳይዛመት ይረዳል፤ ዝንብም ይቀንሳል።

ወደ ውሃው ልምጣ። በባልዲ ማመላለሱ ይብቃሽ። አንድ ፈረስ በቀን ከ25 እስከ 45 ሊትር ይጠጣል፤ ሲሞቅና ሲሠራ ከዚያም ያልፋል። ያን ሁሉ በክንድሽ? ከቧንቧው እስከ ጋጣው የሚደርስ ጎማ ዘርጊና ትልቅ፣ ጠርዙ የማይቆርጥ ገንዳ አስቀምጪ። ገንዳው እስኪሞላ እዚያው ቆመሽ የአንዱን ፈረስ ሰኮና ታጸጃለሽ። ከአጠገቡ ግን አትራቂ፤ የተረሳ ቧንቧ ጋጣውን ሐይቅ ያደርገዋል። ሲሞላ ራሱ የሚዘጋ ተንሳፋፊ ማስገጠም ከቻልሽ ደግሞ ግልግል ነው። እንከኑ ምን መሰለሽ፣ ውሃው ራሱ ሲሞላ ፈረሱ ስንት እንደጠጣ አይታወቅም። መጠጣት ያቆመ ፈረስ ደግሞ የታመመ ፈረስ ነው። ስለዚህ ሲጠጡ ለማየት ሞክሪ፤ ገንዳውንም እያየሽ ፈግፍጊው።

እህሉን በየጠዋቱ መስፈርም ቀርቶብሽ በሳምንት አንድ ቀን ቁጭ ብለሽ ጨርሺው። መስፈሪያሽን አንዴ በሚዛን ለኪውና ትክክለኛው መጠን የሚደርስበት ላይ መስመር አስምሪ። የተለያየ እህል አንድ መስፈሪያ ሲሞላ ክብደቱ አንድ አይደለም፤ በግምት መስፈር ፈረስ ያሳምማል። ከዚያ የየቀኑን ድርሻ ክዳን ባላቸው ዕቃዎች ከፋፍይ። የባዝራዋ ቀይ ምልክት፣ የወጣቱ ነጭ። ጠዋት ከፍቶ መገልበጥ ብቻ ነው። ይህ ለደረቅ እህል ነው። በውሃ የሚርስ መኖ ካለሽ በዕለቱ አርሺው፤ ቀድሞ የራሰ ይኮመጥጣል፣ ይሻግታል። የእህሉ ክፍልም ይቆለፍ። አንድ ሌሊት እህል ቤት የገባ ፈረስ በሆድ ቁርጠት ወይም በእግር ሕመም ሊሞት ይችላል። መኖ ስትቀይሪም ከ7 እስከ 10 ቀን ቀስ እያልሽ አቀላቅዪ።

ድርቆሹንም እንዲሁ። የሁለት ሦስት ቀን ድርቆሽ በአንድ ጊዜ መረቦች ውስጥ ሙዪና የየዕለቱን ስቀዪ። ቀዳዳው ጠበብ ያለ መረብ ቢሆን ፈረሱ ቀስ ብሎ እየነቀለ ስለሚበላ ለረጅም ሰዓት ያኝካል። አንቺ ቢሮ ሳለሽ ወጣቱ አፉ ሥራ አይፈታም። 450 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ በቀን 9 ኪሎ ያህል ድርቆሽ ያስፈልገዋል፤ የክብደቱ 2 በመቶ ገደማ መሆኑ ነው። መረቡን ስትሰቅዪ ከፍ አድርጊው። ባዶ ሲሆን ይረዝምና ሰኮና ይይዛል።

ይህ ጠባብ መረብ ግን ለባዝራዋ አይሆንም። እዚህ ላይ ቆም በይልኝ። "ድርቆሹን አኝካ አኝካ መልሳ ትጥለዋለች" ብለሽ በአንድ መስመር አለፍሽው። አንቺ እንደ ቆሻሻ ለቀምሽው፤ እሷ ግን አፌን አመመኝ እያለችሽ ነው። ያረጀ ፈረስ ድርቆሽ እያድበለበለ ሲጥል አብዛኛውን ጊዜ ጥርሱ ተሸርፏል፣ ሾሏል ወይም ወልቋል። በደንብ ያልታኘከ ድርቆሽ ጉሮሮ ይዘጋል፤ ሆድ ውስጥ ገብቶም ቁርጠት ያመጣል። ክብደቷም ይቀንሳል። ይህን በዚህ ሳምንት የእንስሳት ሐኪም ይየው። ምናልባት ጥርሷ ይሞረድና ይሻላታል፤ ምናልባትም ለስላሳ፣ የራሰ መኖ ይታዘዝላት ይሆናል።

ስለዚህ ነው የማይቀነስ ሥራ አለ የምልሽ። ማየት አይቀነስም። ጠዋት ጋጣ ስትገቢ መንሹን ከማንሳትሽ በፊት ቆም ብለሽ ተመልከቺ። ማታ የሰጠሻቸውን ጨርሰዋል? ፋንድያው እንደወትሮው ነው? አንዱ እግሩን ያሳርፋል? እጅሽን በእግሮቻቸው ላይ ከላይ ወደ ታች ስደጂው፤ ያበጠ ወይም የሞቀ ካለ ይነግርሻል። ሰኮናቸውን በየቀኑ አጽጂ፣ ከተረከዝ ወደ ፊት። ጥቁርና የሚሸት ነገር ካየሽ መበስበስ ጀምሯል። ይህ ሁሉ ከለመድሽው ለአንድ ፈረስ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ጤነኛ ፈረስ አርፎ ሳለ ሙቀቱ ከ37.5 እስከ 38.5 ዲግሪ፣ የልብ ምቱ በደቂቃ ከ28 እስከ 44፣ ትንፋሹ ከ8 እስከ 16 ነው። የሁለቱንም በደህና ቀን ለክተሽ ግድግዳ ላይ ጻፊው። ፈረስ መብል እምቢ ካለ፣ ጎኑን ዞር እያለ ካየ፣ መሬቱን በእግሩ ከቧጠጠ፣ እየወደቀ ከተንከባለለ ጋጣው ይቆይ፤ ሐኪም ጥሪ። ፈረስ ማስመለስ አይችልም፤ የሆድ ነገር ጊዜ አይሰጥም።

ማበጠሩን በተመለከተ አጭር ነው። በሥራ ቀን ኮርቻውና ጠፍሩ የሚያርፍበትን ቦታ ካጸዳሽ ይበቃል፤ ያውም የሚጋለብ ከሆነ። ጭራውን በጣትሽ ፍቺው፤ ማበጠሪያ ፀጉሩን ይበጥሰዋል። የቀረው ለእሁድ።

አሁን ወደ ሰዎቹ። ባለቤትሽ "ላግዝሽ" ያለሽ ጋጣ ናፍቆት አይመስለኝም። አንቺ ናፍቀሽው ነው። የሠራውን ከኋላው ገብተሽ ስትደግሚው ምን ተሰማው ብለሽ ጠይቀሽው ታውቂያለሽ? ካልጠየቅሽ ከዚያ ጀምሪ። "ያኔ ልክ አልነበርኩም፤ አሁን እርዳታህን እፈልጋለሁ" ማለት ይከብዳል፤ ግን ከአንድ ጋሪ ፋንድያ አይከብድም። ከዚያ አንድ ሥራ ከነሙሉ ኃላፊነቱ ስጪው። የማታ መብልና ውሃ ቢሆን ጥሩ ነው። ቀይና ነጭ ምልክት ካለው ሊሳሳት አይችልም። በሩ አጠገብ ሰሌዳ ስቀዪና ማን ምን እንደሰጠ ይጻፍበት። ሰኮና የሚሞረድበት ቀንም እዚያው ይስፈር፤ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ መደረግ አለበት። ለባለቤትሽ የማይታለፉትን ንገሪው፦ በር መቆለፍ፣ ውሃ መኖሩን ማየት፣ "ፈረሱ ዛሬ ሌላ ሆነብኝ" ብሎ መንገር። የቀረውን እንደፈለገ ይሥራው። እሱ በሚሠራበት ምሽት ደግሞ አንቺ ጋጣ አትግቢ። የሚከብድሽ ይኼኛው ነው፤ አውቃለሁ።

ልጅሽን የጋጣ ሠራተኛ አታድርጊያት። ፋንድያው ላይ ያላትን አስተያየት ሰምተናል። ይልቅ ከማየቱ ሥራ አንዱን ስጫት። የባዝራዋን ክብደት በየሳምንቱ በሜትር ገመድ ደረቷን ዙሪያ እየለካች ትመዝግብ። ከሐኪሙ ጋር ስትነጋገሩ የሷ ጽሑፍ ይጠቅማችኋል። ግልቢያው ደግሞ ከሥራ በፊት ይሁን። እሁድ ጠዋት መብልና ውሃ ስጪ፣ ሰኮና አጽጂ፣ ከዚያ ቀጥታ ወደ ኮርቻ። ጋጣው ተመልሳችሁ ይጸዳል፤ የትም አይሄድም።

መሸጡን በተመለከተ፣ ደክሞሽ ሳለ አትወስኚ። እህትሽ የምታስብልሽ ነች፤ ግን አንዱ ሲሸጥ ሥራው በግማሽ አይቀንስም። መነሳቱ፣ መልበሱ፣ መሄዱ፣ ጎማ መዘርጋቱ ለአንድም ለሁለትም ያው ነው። ፈረስም የመንጋ እንስሳ ነው፤ ወጣቱ ሲሄድ ባዝራዋ ብቻዋን ትቀራለች። ስለዚህ አንድ ወር ስጪው። ሁሉንም በአንድ ቀን አትለውጪ። በዚህ ሳምንት ዕቃ መስቀሉንና ጉዝጓዙን፣ በሚቀጥለው እህሉንና ድርቆሹን፣ ከዚያ ውሃውን። ጋጣ የገባሽበትንና የወጣሽበትን ሰዓት ሰሌዳው ላይ ጻፊ። ወሩ ሲያልቅ ሦስታችሁ ቁጥሩን ይዛችሁ ተነጋገሩ። ያኔም ካልተቃለለ መሸጥ ነውር አይደለም። ከመሸጥ በፊት ግን መሐል መንገድም አለ። መጋለብ እየወደደ ፈረስ የሌለው ሰው ፈልጊ። በሳምንት ጥቂት ቀን ወጣቱን ይጋልብ፤ በለውጡ የዚያን ቀን የጋጣ ሥራ ይሥራ። መጀመሪያ ከሱ ጋር ጥቂት ቀን አብረሽ ሥሪና አያያዙን እዪ። ፈረሱ ቢታመም ወጪውን ማን እንደሚሸፍን፣ ጋላቢው ቢጎዳ ምን እንደሚሆን፣ አንዳችሁ ማቆም ብትፈልጉ ከስንት ቀን በፊት እንደምትነጋገሩ ከመጀመሪያው በጽሑፍ ይቀመጥ።